“በይ ጻፊ” ይለኛል አባባ

አባባ ከገበያ ሲደውል ሰላምታው አጭር ነው። “ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? በይ ጻፊ” ይላል። ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣለሁ። ጠቦት ስንት ዋለ፣ ሙክት ስንት፣ እናት በግ ስንት፣ ነጋዴው ከየት መጣ፣ ስንት መኪና ጫነ። ስለ እማዬ ጉልበትና ስለ ጎረቤት ሠርግ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩን የጀመርነው በ2006 ነው። ደብረ ብርሃን በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገቢና ወጪ ስመዘግብ እውልና ማታ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የገዛ ቤተሰቤ በዓመት ከበግ ስንት ብር እንደሚያገኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አባባ በጎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የማን ልጅ እንደሆነች፣ በየትኛው ወር እንደተወለደች፣ የትኛዋ ግልገሏን እንደምትገፋ ሳያስብ ይነግራችኋል። ገንዘቡ ግን ገባ ሲባል ወጣ ነው። “ከገበያ ስትወጣ ደውልልኝ፣ እኔ ልመዝግብልህ” አልኩት። ይኸው አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነን።

አገሬ መንዝ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ ወዲያ ሜዳ፣ ገደል፣ ገብስና በግ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው። ጸጉሩ ብዙ፣ ላቱ አጠር ያለ ነው። ብርድ ይችላል። ከጸጉሩ ባናና ዝተት ይሠራል፣ የጥቁሩ ደግሞ በርኖስ ይሆናል። እማዬ ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ስትፈትል ነው ያደግኩት። ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ ባቄላው ሲከዳን፣ በቤታችን የሚቀረው በግ ነው። እኔ የተማርኩት በበግ ነው። ይሄን የምለው ለወግ አይደለም። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የቤት ኪራዬ በየትኛው በግ እንደተከፈለ ስሙን ጠርቼ መናገር እችላለሁ።

አሁን ደብተሩ ምን እንዳስተማረኝ ልንገራችሁ።

የጠቦት ዋጋ በዓል ይከተላል። የእናት በግ ዋጋ ዝናብ ይከተላል። ይህን ለመረዳት አራትና አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አባባ ግን ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና “ታዲያ ይሄ ይጠፋሻል?” አለኝ።

በጠቦት ልጀምር። በግ የሚበላው ሰው የሚጾም ሰው ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት አለ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው። ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ነጋዴው ይጠፋል፣ ገበያው ጭር ይላል። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ያው ገበያ ይጦፋል። ይሄንን ማንም ያውቃል። ችግሩ ገበሬው ገንዘብ የሚፈልግበት ቀን ከዚህ ጋር አለመግጠሙ ነው። የማዳበሪያ ገንዘብ የሚጠየቀው በእኛ በኩል ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱስ ከእንቁጣጣሽ ጋር ስለሚገጥም ደህና ነው። ሣር ጠግቦ በጉ የሚሰባው ጥቅምት ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ግን በዓል የለም።

በ2017 የሆነውን ላውራችሁ። ጾሙ የካቲት 17 ገባ። መጋቢት አጋማሽ ላይ የማዳበሪያው ገንዘብ በቶሎ ይከፈል ተባለ። አባባ ሁለት ጠቦቶች ይዞ ወጣ። እኔም ለቅዳሜና እሑድ ቤት ሄጄ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ከቤታችን እስከ ገበያው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በእግር ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቦቃ ነበር። ሁለቱም ከዓመት ትንሽ አለፍ ያሉ ናቸው።

ገና ገበያው አፋፍ ላይ ሳንደርስ ሁለት ልጆች ከመንገድ ዳር ተነስተው ተቀበሉን። “ጋሼ፣ እዚሁ እንጨርስ፣ ገበያው ዛሬ ሞቷል” አሉት። አባባ አልመለሰላቸውም። የገበያውን ቀረጥ፣ የኮቴውን፣ ከፍለን ገባን።

የበግ ነጋዴን እጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ጎልማሳ ሰው መጣ። ለሰላምታ አንገቱን ብቻ ዝቅ አደረገ። ቀዩን ጠቦት በግራ እጁ ከአንገቱ ስር ያዘው። በቀኝ እጁ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ወገቡ ላይ አሳረፈና ጫን አደረገ። ጸጉሩ እንዳያታልለው ነው፣ ከጸጉሩ ስር ያለውን ሥጋ ነው የሚፈልገው። ከዚያ ላቱን ከስር በመዳፉ መዘነው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን አየ። ይሄ ሁሉ እኔ እስትንፋሴን ሳብ አድርጌ እስክመልስ አለቀ። በሁለተኛውም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ሌላ ቦታ እያየ “ስንት ትላለህ አባቴ?” አለ።

“አምስት ሺህ አምስት መቶ፣ አንዱ።”

“ኧረ በጾም!”

“ጾሙ ያልፋል።”

“ሲያልፍ አምጣቸዋ።”

ይቺን ቃል ስሰማ ሆዴ ባባ። ነጋዴው አልተሳደበም፣ አላጭበረበረም። እውነቱን ነው የተናገረው። ጾሙ ሲያልፍ ማምጣት የሚችል ሰው መጋቢት ላይ አያመጣም። ያመጣ ሰው የቸገረው ሰው ነው። በዚያች ቃል ሁለቱም ይሄንኑ ተነጋገሩ። አባባ ሁለቱንም በ4,200፣ በ4,200 ሸጠ። ዒድ አልፈጥር መጋቢት 21 ስለነበረ ወደ ቆላው የሚጭኑ ነጋዴዎች ገብተው ነበር። እነሱ ባይኖሩ አራት ሺህም አይገባም ነበር ይላል አባባ።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። በዓሉ ሊገባ ሲል ጎረቤታችን የእነዚያን እኩያ ጠቦት በ6,800 ሸጠ። አባባ ደውሎ “ጻፊ” አለኝ፣ ጻፍኩ። ሁለቱን ጠቦቶች አስቤ ልዩነቱን ደመርኩ። 5,200 ብር። አንድ ወር እንኳ አልሞላም። ጠቦቶቹ ያው ናቸው፣ ተራራው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። የተለየው መጠበቅ መቻልና አለመቻል ብቻ ነው።

ሁለቱ በዓላት ሲገናኙ ደግሞ ሌላ ነው። በ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ዋለ። የዚያ ሳምንት ገጽ በደብተሬ ውስጥ ከሁሉም የደመቀ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገዢ ሆኖ ነጋዴ በነጋዴ ላይ ይጨምር ነበር። የዒድና የአረፋ ቀን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። በግ አምስት ወር ታረግዛለች። ስለዚህ ቀን መቁጠሪያ ይዞ የሚያስብ ገበሬ ጠቦቱ ለየትኛው በዓል እንደሚደርስ አስቀድሞ ማወቅ ይችላል። እኔና አባባ በዚህ ብዙ ተነጋግረናል። ግን አውራው ከመንጋው ጋር በአንድ ሜዳ ነው የሚውለው፣ መቼ እንደሚያስረግዝ ማንም አያዘውም።

መንገድም አለ። ለ2016 ገና መንገዱ በጸጥታው ችግር ተዘጋግቶ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ነጋዴዎች አልመጡም። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ በግ አልቀመስ አለ እያሉ ይደውላሉ። እዚህ መንዝ፣ መሀል ሜዳ ከተማ ደግሞ የሚገዛ ጠፍቶ ሰው በጉን ነድቶ ይመለሳል። በዚያ ሳምንት አባባ ሲደውል “ጻፊ” አላለኝም። የምጽፈው አልነበረም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ደብተር ላይ “ቆዳ” የሚል ዓምድ አለ። ያኔ በበዓል ማግስት ቆዳ የሚሰበስቡ ልጆች በየበሩ ይመጡ ነበር። ነጋዴውም በጉን ሲገዛ ቆዳውን በልቡ ያስብ ነበር። የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት የሚፈለግ ቆዳ ነው። ዛሬ በዓል ባለፈ ቁጥር በየሰፈሩ የተጣለ ቆዳ ይሸታል። ሦስተኛው ደብተር ላይ ያን ዓምድ አላሰመርኩትም።

ወደ እናት በግ ልምጣ። በእኛ አገር ለበዓል የሚፈለገው ወንድ ነው። ከተሜው ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ወንድ ነው?” ብሎ ነው። እናት በግ የምትሸጠው ወይ ለሚያረባ ገበሬ ነው፣ ወይ ለምግብ ቤት። ገበሬው ደግሞ የሚያረባት ሣር ሲኖር ነው። በልግ ሲዘንብ ሁሉም እናት በግ ይፈልጋል፣ ዋጋዋ ይወጣል። በልግ ሲቀር ሁሉም ይሸጣል፣ የሚገዛ የለም። በ2007 በልጉም ቀረ፣ ክረምቱም ተዛባ። በ2006 በ900 ብር የጻፍኳትን ዓይነት ወጣት እናት በግ በነሐሴ 2007 በ450 ጽፌያታለሁ። አባባ ያኔ አምስት ሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ሲመለስ ሁለቱን ለመተካት የአምስቱን ገንዘብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ መንጋችን እንደ ድሮው አልሞላም።

ያረጀችዋ በግ ደግሞ ከሁሉም ትከፋለች። እዚህ ላይ ስለ ዳማ መናገር አለብኝ።

ዳማ እኔ ገና ተማሪ እያለሁ የተወለደች በግ ነበረች። ስሟ ከቀለሟ ነው። ስምንት ጊዜ ወልዳለች፣ አንዴ መንታ። የመንዝ በግ መንታ ብዙ አይወልድም። የቤት ኪራዬን ከከፈሉት በጎች አንዱ የእሷ ልጅ ነበር። በግ አራት ዓመት ገደማ ሲሞላት የታችኞቹ ስምንት የፊት ጥርሶቿ ሁሉም ተተክተው ይጨርሳሉ። ከዚያ በኋላ እየተፋቱ፣ እየተሰበሩ ይሄዳሉ። ጥርስ የሌላት በግ ለምለም ሣር ትነጫለች። በጋ ላይ መሬት የያዘውን አጭር ሣር ግን መንጨት አትችልም። እያየች ትራባለች።

ጥር 2012 ላይ አባባ ዳማን ገበያ አወጣት። ነጋዴው አውራ ጣቱን አፏ ውስጥ አስገብቶ ድዷን ዳሰሰ። እጁን ጸጉሯ ላይ ጠረገና “1,700” አለ። በዚያን ቀን ጠቦት በ2,600 እየተሸጠ ነበር። አባባ ከፍቶት መልሷት መጣ። መጋቢት ላይ እንደገና አወጣት፣ 1,300 ተባለ። መለሳት። እማዬ ከጠላው አተላ እየቀነሰች ታጠጣት ነበር። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በጋጣው ጥግ ግድግዳውን ተደግፋ ሞታ ተገኘች።

ያን ቀን አባባ ደወለ። “ዳማን ጻፊያት” አለኝ። “ስንት ብዬ?” አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ “እኔ የተከራከርኩት ለዋጋዋ አይደለም፣ ለውለታዋ ነው። ገበያ ውለታ አይገዛም” አለኝ። በደብተሩ ላይ ስሟን ጽፌ ከጎኑ ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩት።

አባባን አልወቅስም። የእኔም እጅ ያችን በግ በ1,300 አይሸጥም ነበር። ነገር ግን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሳየው፣ ብዙ ገበሬ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ያረጀችውን በግ በዋጋ ማነስ ተቆጥቶ ያቆያታል፣ ክረምት ይወስዳታል። ቀልጣፋውን ጠቦት ደግሞ ቶሎ ገንዘብ ስለሚያመጣ ቶሎ ይሸጠዋል። ይሄ ሁለተኛው ነገር ሌላ መዘዝ አለው። ቶሎ ያደገው ጠቦት ቶሎ ከተሸጠ፣ ለአውራነት የሚቀረው የቀጨጨው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በመንዝ የጀመሩት የማኅበረሰብ አቀፍ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ይሄን ነው ሊያስቀር የሞከረው። የገበሬው ጠቦት በየጊዜው ይመዘናል፣ ምርጡ ለገበያ ሳይወጣ ለአውራነት ይያዛል። የእኛ ቀበሌ አልነበረበትም። አባባ ግን ሚዛኑን ሌላ መንደር አይቶ ወደደው። አሁን እኔ የገዛሁለት የእጅ ሚዛን ጋጣው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ገበያ ላይ “ይሄ 21 ኪሎ ነው” ሲል አንድ ነጋዴ “ኪሎ ለስኳር ነው ጋሼ” ብሎታል። አባባ ግን መመዘኑን አልተወም። ቢያንስ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል።

እኔ እንደማየው ገበሬው የሚያስፈልገው ስለ ዋጋ የሚነግረው ሰው አይደለም። ዋጋውን ከእኛ በላይ ያውቃል። ብዙው ሰው ስልክ አለው። የሚያስፈልገው አንድ ወር ነው። የማዳበሪያው ክፍያ ከፋሲካ በኋላ ቢሆን፣ ወይም የገጠሩ ቁጠባና ብድር ማኅበር መጋቢት ላይ ሰጥቶ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቢሰበስብ፣ በአንድ ቀበሌ ስንት ጠቦት ከርካሽ ሽያጭ እንደሚድን አስቡት። ከባድ ነገር አይደለም። የጾሙ ቀን የታወቀ ነው። የሚመለከታችሁ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ እባካችሁ አስቡበት። አባቴ ደመወዝ ያላት ልጅ አለችው። ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ የላቸውም፣ የሚበደሩት በአራጣ ነው።

በእኛ ቤት ያደረግነው ይሄ ነው። ባለፈው ክረምት ቁጭ ብለን መከርን። እርጅና የጀመራቸውን እናት በጎች ጥርሳቸው ሳያልቅ፣ ጥቅምት ላይ ክረምቱን ግጠው በጠገቡበት ወቅት፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ለመሸጥ ተስማማን። ገንዘቡ አይነካም። ለመጋቢት ማዳበሪያ ይቀመጣል። ጠቦቶቹ እስከ ፋሲካ ይቆያሉ። እማዬ መጀመሪያ አልወደደችውም። “ጤነኛ በግ አውጥቶ መሸጥ ምን ይሉታል?” አለች። ቆይታ ግን የትኞቹ እንደሆኑ የመረጠችው ራሷ ናት። ሦስት መረጠች።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ቢሮ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ከኋላ የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

“ደህና ነሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? በይ ጻፊ።”

“እሺ አባባ።”

“አንዷ 5,100። ጥቁሯ 4,700፣ በቀለሟ ነው ያወረዱብኝ።”

“ሦስተኛዋስ?”

“እሷን መለስኳት።”

“ለምን? ተስማምተን አልነበረም?”

“ጥርሷ ገና ነው። ራሴ አይቼዋለሁ፣ ሁለት ክረምት ትሄዳለች።”

ሦስተኛዋ የዳማ የመጨረሻ ልጅ ናት። ምንም አልተናገርኩም። 5,100ና 4,700 ብዬ ጻፍኩ፣ ከስሩ 9,800 ደመርኩ። ከጎኑ “የመጋቢት ማዳበሪያ” አልኩበት። ከዚያ የእማዬ ጉልበት እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።